ከቨርጂኒያ የመጣው ጠርሙስ

ጥቅምት 8፣ 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ

ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ለቆዳ ብሎ ወደ መድኃኒት ቤታችን የሚመጣው ሰው በዝቷል። አዲስ አበባ በዚህ ወር ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደረቅ አየር ከቆዳ ላይ ያለችውን እርጥበት ይመጥጣታል፤ ችፌ ያለባቸው ሕፃናት ደግሞ ከሁሉም ቀድመው ይሰማቸዋል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት እናት ከቦርሳዋ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ሲስተር፣ እባክዎ ይቺን ያንብቡልኝ። እህቴ ከቨርጂኒያ በሰው እጅ የላከችልኝ ነው። ለማሙሽ ችፌ ፍቱን ነው ብላኛለች» አለችኝ። ልጁን አዝላዋለች። ዓመት ከመንፈቅ ቢሆነው ነው። ጉንጩ ሻክሯል፣ የእጁ አንጓ ተልጧል፤ እኛ እያወራን እንኳ አገጩን ከእናቱ ትከሻ ጋር ያፋትግ ነበር።

ጠርሙሱን አገላብጬ አነበብኩላት። በአንድ እንክብል 10 ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ አለ ይላል። የባክቴሪያው ስም ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ሲሆን ከስሙ ቀጥሎ «ጂጂ» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ የአንጀትንና የቆዳን ጤና ይደግፋል የሚል ተጽፏል። ከጀርባው ደግሞ ዓይን በሚያደክም ደቃቅ ጽሑፍ፣ ይህ አባባል በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንዳልተገመገመ፣ ምርቱም በሽታን ለማከም፣ ለማዳን ወይም ለመከላከል የታሰበ እንዳልሆነ ይናገራል።

ይህንን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «ታዲያ ለምን ይሸጡታል?» አለች። አሜሪካ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ እንዲህ ያሉ ማሟያዎችን ከምግብ ጎራ እንደሚመድባቸው፣ ሻጩም ገበያ ላይ ከማዋሉ በፊት ይሠራል ብሎ ለመንግሥት ማስረዳት እንደማይጠበቅበት ነገርኳት። ዝም ብላ አዳመጠችኝና «ልስጠው ወይስ ልተወው?» አለች።

እኔም ልጁ ጊዜውን ጠብቆ ተወልዶ እንደሆነ፣ ሌላ ከባድ ሕመም እንዳለበት ጠየቅኳት። ያለ ቀናቸው ለተወለዱ ጨቅላዎች እንዲህ ያለ ሕያው ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ ሊገድል እንደሚችል የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ጽፏል። የመከላከያ አቅሙ ለተዳከመ ሰውም እንዲሁ ያሰጋል። ማሙሽ በቀኑ የተወለደ፣ ወተት የሚጠጣ፣ የሚሮጥ ልጅ ነው። እስካነብ ድረስ ጠርሙሱን ሳትከፍት እንድትቆይ፣ ስትመለስ ደግሞ እስካሁን የቀባችውን ሁሉ ይዛ እንድትመጣ ነግሬ ሸኘኋት።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ሳነብ ዋልኩ። ጂጂ የሚባለው ባክቴሪያ የራሱ ታሪክ አለው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሸርዉድ ጎርባክ እና ባሪ ጎልዲን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከጤነኛ ሰው አንጀት ለይተው አወጡት፤ ሁለቱ ፊደላት የአባቶቻቸው ስም መነሻዎች ናቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ሊቃውንቱ የላክቶባሲለስን ቤተሰብ እንደገና ሲከፋፍሉ የፊት ስሙ ላክቲኬሲባሲለስ ተብሎ ተለወጠ። ስለዚህ ሁለት ጠርሙሶች የተለያየ ስም ይዘው አንድ ባክቴሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። እናቶች ይህን እንዴት ያውቁታል?

ከችፌ ጋር ያገናኘው ጥናት የተደረገው ፊንላንድ ውስጥ ቱርኩ በምትባል ከተማ ነው። ማርኮ ካሊዮማኪ፣ ኤሪካ ኢሶላውሪና ባልደረቦቻቸው በቤተሰባቸው ችፌ፣ አስም ወይም የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸውን 159 እናቶች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ከመውለዳቸው ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ጂጂን መዋጥ ጀመሩ፤ ከወለዱም በኋላ እናቲቱ ወይም ሕፃኑ ለስድስት ወር ቀጠሉ። የቀሩት መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ባክቴሪያ የሌለበት እንክብል ወሰዱ። ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ባክቴሪያውን ካገኙት 64 ልጆች 15ቱ፣ ካላገኙት 68 ልጆች ደግሞ 31ዱ ችፌ ይዟቸው ተገኘ። ይህም በ2001 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። በግማሽ የሚቀንስ ነገር ነው! ያኔ ዓለም ሁሉ መደሰቱ አያስደንቅም፤ እኔም ቁጥሩን ዛሬ ሳየው ልቤ ይዘላል።

በዚያው ዘመን ሐሳቡ የሚያርፍበት መሬትም ተዘጋጅቶ ነበር። እንግሊዛዊው ዴቪድ ስትራካን በ1989 እ.ኤ.አ. በ1958 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎችን መረጃ መርምሮ፣ ብዙ ታላላቅ ወንድምና እህት ያላቸው ልጆች የአፍንጫ አለርጂና ችፌ እንደሚያንሳቸው አሳይቷል። ሕፃን በጨቅላነቱ ከብዙ ዓይነት ተህዋስያን ጋር ካልተዋወቀ የሰውነቱ መከላከያ ጠላትና ወዳጅ መለየት ይቸግረዋል የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ ነው የተስፋፋው። ከመከላከያችን ሰፊው ክፍል አንጀት ውስጥ ስለሚገኝ፣ አንጀትን በበጎ ባክቴሪያ ማሠልጠን ቆዳን ያረጋጋል ብሎ ማሰብ ሞኝነት አይደለም።

ይሁን እንጂ ጀርመኖች ፍራይቡርግ ላይ ያንኑ ጂጂን ለነፍሰ ጡሮች ሰጥተው ደገሙት። በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት ባክቴሪያውን ካገኙት ልጆች 28 በመቶ፣ ካላገኙት 27.3 በመቶ ችፌ እንደያዛቸው ነው። ልዩነት የለም ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኒውዚላንዶች ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ጎን ለጎን ፈተኑ። ኤችኤን001 የተባለው የራምኖሰስ ዘር የችፌን አደጋ በግማሽ ገደማ ሲቀንስ፣ ኤችኤን019 የተባለው ቢፊዶባክቴሪየም ግን ምንም አላደረገም። እንግዲህ «ፕሮባዮቲክ ለችፌ ይሆናል ወይ?» ብሎ በጅምላ መጠየቅ «ኪኒን ለራስ ምታት ይሆናል ወይ?» እንደማለት ነው። የትኛው ኪኒን?

ደግሞ እነዚህ ሁሉ ጥናቶች ገና ያልታመመን ልጅ ከሕመሙ ለማዳን የተደረጉ ናቸው። ማሙሽ ግን ታሟል። ለታመመው የተደረገውን ለብቻ ማንበብ አለብኝ።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

እናቱ ቃሏን ጠብቃ አንድ ፌስታል ሙሉ ይዛ መጣች። ሰው ስላልነበረ አንድ በአንድ እያወጣን ባንኮኒው ላይ ደረደርነው። ሽታ ያለው የሕፃን ሎሽን። የጥቁር አዝሙድ ቅባት። በወረቀት የተጠቀለለ የተፈጨ ፌጦ፣ «ጎረቤት ይጠርግለታል ብላኝ» ነው። ግማሹ ያለቀ ክሬም፣ ጸረ ፈንገስና አንቲባዮቲክ ከጠንካራ ስቴሮይድ ጋር የተቀላቀለበት፣ ያለማዘዣ የተገዛ። ከሁሉም ሥር ሐኪም ያዘዘው 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ነበር፤ ቱቦው ሙሉ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተጨምቆ ተትቷል።

«ይህንን ለምን ተውሽው?» አልኳት።

«ስቴሮይድ ነው አሉኝ። ቆዳ ያሳሳል፣ ከለመደ አይለቅም፣ ልጁን ያጠቁረዋል አሉኝ። እኔ ኬሚካል ነገር እፈራለሁ። ለዚህ እኮ ነው እህቴ ተፈጥሯዊውን የላከችልኝ።»

ይህን ፍርሃት የሚንቅ ባለሙያ አይገባኝም። እዚሁ ሰፈር ፊታቸውን ሊያቀሉ ብለው ክሎቤታሶል ያለበትን ክሬም ለዓመታት የቀቡ፣ ቆዳቸው ሳስቶ የደም ሥራቸው የሚታይ ሴቶች በየወሩ ይመጣሉ። እናቲቱም አይታቸዋለች። የፈራችው ነገር በእውነት አለ። ከሐኪሙ ቱቦ ውስጥ ያለው ግን እሱ አይደለም። ስቴሮይዶች እንደ ጉልበታቸው በደረጃ ይለያያሉ፤ ሃይድሮኮርቲዞን ከታችኛው ረድፍ ነው። ለሕፃን ፊት ሐኪም በሚያዘው ልክ ለአጭር ጊዜ ይቀባል፣ ሲሻለው ይቆማል። እኔን ያስደነገጠኝ፣ ደካማውን ፈርታ በማታውቀው ክሬም ውስጥ ጠንካራውን ስትቀባው መቆየቷ ነው። ማንም አልነገራትም። ጤና ጣቢያው ሰው ይበዛበታል፣ መድኃኒት ቤቶችም ሸጠን እንሸኛለን።

መጠኑን አሳየኋት። በትልቅ ሰው ጠቋሚ ጣት ላይ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚዘረጋ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ ሁለት የትልቅ ሰው መዳፍ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። ከእኔ ጣት ላይ አውጥታ ራሷ ለካችው። «ይቺን ታህል ብቻ?» አለች። አዎ፣ ይቺን ታህል፣ ቀይ ሆኖ ወይም ጠቁሮ የሚያሳክከው ቦታ ላይ ብቻ።

ማለስለሻው ግን ተቃራኒው ነው፤ እሱ ላይ ሰው ይቆጥባል። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ችፌ ላለበት ልጅ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ማለስለሻ ይላል። በሳምንት! እኛ ሰፈር የሚሸጠው ትንሿ የቫዝሊን ቆርቆሮ በሁለት ቀን ማለቅ አለባት ማለት ነው። እናቲቱ ጉንጩንና እጁን ብቻ በጠዋት ትቀባው ነበር። ለብ ባለ ውኃ፣ ሳይቆይ፣ ሽታ ያለው ሳሙና ሳይነካው አጥባው፣ ሳታሸው በፎጣ አድርቃ፣ ቆዳው ገና ረጠብ እንዳለ ሽታ የሌለውን ቫዝሊን ከአንገት እስከ እግሩ እንድትቀባው ነገርኳት። ከዚያም ቀን ላይ ደጋግማ። ቅባት የጠጣ ልብስ እሳት ቶሎ ስለሚይዘው ከከሰሉና ከጧፉ እንድታርቀው አስጠነቀቅኳት። ፌጦውን ፈጽሞ እንድትተው ለመንኳት፤ የተላጠ ቆዳ ላይ ያቃጥላል።

ስለ ጠርሙሱ ግን ገና መልስ አልሰጠኋትም። እሷም ዛሬ ደግማ አልጠየቀችኝም።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አደረ። ኢንሱሊኑንና ክትባቱን ወደ በረዶ ሳጥን ሳዛውር ስለ ሕያው ባክቴሪያ አሰብኩ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 10 ቢሊዮን በምርት ቀኑ የተቆጠረ ሊሆን ይችላል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲነካው ቁጥሩ ይወርዳል። በሻንጣ ውስጥ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ዱባይ ላይ አድሮ፣ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ እንክብል ውስጥ ስንቱ በሕይወት እንዳለ በዓይን አይታይም። የፕሮባዮቲክ ትርጉም ራሱ፣ የዓለም የእርሻና የጤና ድርጅቶች ባለሙያዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አርጀንቲና ውስጥ ኮርዶባ ላይ ተሰብስበው እንዳስቀመጡት፣ ሕያው መሆንንና መጠኑ የሚበቃ መሆንን ይጠይቃል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሲታጠን። ከንጋቱ ጀምሮ ከየግቢው የሚወጣው የቆሻሻ ጭስ ሰፈሩን ጋርዶታል። አያቶቻችን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን ያስታውሱበታል፤ ልማዱን አልነቅፍም። ግን ዛሬ የአስም መርጫ ፈላጊውና የሚያሳክከው ልጅ ተሰልፎ ዋለ። ለማሙሽ እናት ደውዬ በሩን ዘግታ ልጁን ከውስጥ እንድታቆየው፣ ማታም አጥባ ቅባቱን እንድትደግመው ነገርኳት። «ሌሊት መተኛት ጀምሯል» አለችኝ። ከዚህ በላይ የሚያስደስት ዜና ሰሞኑን አልሰማሁም። ችፌ ያለበት ልጅ ቤት ውስጥ እንቅልፍ ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚያውቀው ያየው ብቻ ነው።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

የማሙሽ አያት ራሳቸው መጡ። ጾመ ነቢያት ከገባ አራተኛ ቀኑ ነው፤ እሳቸው እርጎ አይቀምሱም፣ ልጁ ግን ገና አይጾምም። «ልጄ፣ ያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ከእርጎ የተለየ ምን አለው? እኛ ልጆቻችንን በእርጎ አይደለም ወይ ያሳደግነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ እርጎው ውስጥም አሉ» አልኳቸው። የኢትዮጵያ እርጎ ያለ ተጨማሪ እርሾ በራሱ የሚረጋ ነው፤ ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊን የመሳሰሉ የአገራችን የተህዋስያን ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት አጥንተውታል። ላክቶባሲለስና ላክቶኮከስ በብዛት ይገኙበታል። በወይራ የሚታጠነው የወተት ዕቃም ወተቱን ከሚያበላሹት የተወሰኑትን ይገታል። ግን የአንዱ ቤት እርጎ ከሌላው ቤት እርጎ ይለያል፤ ውስጡ የትኛው ዘር በምን ያህል እንዳለ የሚነግረን የለም። ለችፌ ያድናል ብዬ ለመናገር ማስረጃ የለኝም። ለልጁ ጥሩ ምግብ መሆኑን ግን፣ ንጹሕ ወተት ከሆነና የወተት አለርጂ ከሌለበት፣ ያለ ጥርጥር ነገርኳቸው። ስለ እንጀራውም ጠየቁኝ። የእንጀራ እርሾ በሕይወት የተሞላ ነው፤ ምጣዱ ላይ ግን ሁሉም ይሞታል።

ከዚያም እማማ ዝቅ ባለ ድምፅ ሌላ ነገር ነገሩኝ። ሰፈሩ ልጅቷን «በእርግዝናሽ ምን በልተሽ ነው? ወተትሽ ነው የመረዘው» እያለ እንደሚያሳቅቃት። በዚህ ተናደድኩ፣ አሁንም ስጽፈው እናደዳለሁ። ጡቷ ልጁን አልመረዘውም። ችፌ በዘር የሚወረስ ዝንባሌና በአካባቢ የሚቀሰቀስ ሕመም ነው፤ የእናቱ ኃጢአት አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ይህን ለሰፈሩ እንዲናገሩልኝ እማማን ለመንኳቸው፤ የእሳቸው ቃል ከእኔ ነጭ ጋውን በላይ ይሰማል።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ዛሬ እህትየዋ ከቨርጂኒያ በስልክ መጣች። እናቲቱ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ስለ እህቷ ልጅ የምትጨነቅ ሰው ነበረች፤ ከሆስፒታል የሌሊት ሥራ ወጥታ ሳትተኛ ነው የደወለችው። «የጓደኛዬ ልጅ በዚህ ነው የዳነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለችኝ።

አየሁ ያለችውን አላስተባበልኩም። ልጁ ተሽሎታል። ያልታየው ግን ባይወስደው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ነው። ችፌ ይነሳል፣ ይተኛል። ሰው መድኃኒት የሚጀምረው በጣም ሲብስበት ስለሆነ፣ ምንም ቢሰጠው ከዚያ በኋላ መሻሉ አይቀርም። ብዙ ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት በሚገቡበት ዕድሜ እያቃለላቸው ይሄዳል።

ከሄልሲንኪ የወጣውን ጥናት ነገርኳት፤ ከሁሉ የበለጠ ልቤ ውስጥ የቀረው እሱ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። የላም ወተት አለርጂ የተጠረጠረባቸው፣ ችፌ ያለባቸው 230 ሕፃናት ነበሩ። ለአንዳንዶቹ ያንኑ ጂጂን፣ ለአንዳንዶቹ ቅልቅል ባክቴሪያ፣ ለቀሩት ባዶ እንክብል ለአራት ሳምንት ተሰጠ። ሁሉም ግን፣ ባዶውን ያገኙት ጭምር፣ ቆዳቸው በሚገባ ታከመላቸው፣ የተጠረጠረውም ምግብ ተነሣላቸው። የችፌው ክብደት መለኪያ በሁሉም ላይ በአማካይ 65 በመቶ ወረደ! በባክቴሪያውና በባዶው መካከል ግን በጠቅላላው ልዩነት አልተገኘም። በደማቸው የአለርጂ ምልክት የነበራቸው ልጆች ተለይተው ሲታዩ ጂጂ ጥቂት የተሻለ መስሎ ነበር፤ ይህንንም አልደበቅኳትም።

እንዲህ ያሉ ጥናቶችን ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. አንድ ላይ አሰባስቧል፤ 39 ጥናቶች፣ 2,599 ሰዎች። ማሳከኩንና የእንቅልፍ ማጣቱን ሕመምተኛው ወይም ወላጁ ሲመዝን፣ ፕሮባዮቲኩ የሚያመጣው ለውጥ ኢምንት ወይም ምንም ነው። ሐኪሙ ጭምር የሚመዝንበት፣ ጣሪያው 103 የሆነው መለኪያ ላይ 4 ነጥብ እንኳ የማይሞላ ቅናሽ ታይቷል። ሰው «ተሻለኝ» ብሎ እንዲሰማው ግን በዚያ መለኪያ ወደ 9 ነጥብ መውረድ አለበት።

እህትየዋ ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲያው ገንዘቤን ጣልኩ?» አለችኝ። ለጤነኛ ልጅ ብዙውን ጊዜ ጉዳት እንደሌለው፣ አልፎ አልፎ ሆድ ቢነፋ ነው ብዬ መለስኩላት። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ጠርሙሱ ቤት ሲገባ ቅባቱ ይረሳል። እናቲቱ «ከውስጥ እያከምኩት ነው» ብላ ትረጋጋለች፣ ቆዳው ግን እንደተሰነጠቀ ይቆያል፣ በስንጥቁ ስታፊሎኮከስ ገብቶ ይመግላል። የሄልሲንኪ ልጆች የተሻላቸው ባዶ እንክብል እየዋጡም ነው፤ ቆዳቸው ስለታከመ።

«ታዲያ ምን ልላክ?» አለች። ቫዝሊን እዚህ ሞልቷል፣ ርካሽም ነው። እጅጌው ረጅም፣ ከንጹሕ ጥጥ የተሠራ የሌሊት ልብስ ብትልክ ግን ልጁ ሌሊት ራሱን አይቧጭርም አልኳት። ወዲያው ቁመቱን ጠየቀችኝ።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ

አብራኝ የምትሠራው ልጅ መጽሐፏን ይዛ መጥታ የችፌን ሥዕል አሳየችኝ። ሁሉም ሥዕል ነጭ ቆዳ ላይ የቀላ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ችፌ ብዙ ጊዜ ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ግራጫ፣ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ቡናማ ይሆናል። እንደ ጎመን ዘር የረቀቁ ሽፍታዎች ፀጉር በሚበቅልበት ቀዳዳ ላይ ይወጣሉ፤ ሲድን ደግሞ ቦታው ለወራት ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ይቆያል። ያንን ጥቁረት ነው ሰው «ክሬሙ አጠቆረው» የሚለው። ማሙሽ ላይ ያለው የጉልበት እጥፋት ጥቁረት የሕመሙ ጠባሳ እንጂ የሃይድሮኮርቲዞኑ ሥራ አይደለም።

ሌላም ነገር አነበብን። የቆዳን ግድግዳ የሚያጠነክር ፊላግሪን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ዘረ መሉ ሲጎድል ለችፌ እንደሚያጋልጥ በ2006 እ.ኤ.አ. ታወቀ። አውሮፓውያን ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኙትን ጉድለቶች የስዊድንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያውያን የችፌ ሕመምተኞች ላይ ፈልገው አላገኟቸውም፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጽሑፍ አንድ አዲስ ጉድለት ብቻ እንዳገኙ ይናገራል። የእኛ ልጆች ችፌ መንገዱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ፊንላንድ ወይም ኒውዚላንድ ላይ የሠራ ባክቴሪያ፣ በሌላ ምግብ፣ በሌላ ውኃና በሌላ አንጀት ውስጥ ይሠራ እንደሆን የሚነግረን እዚህ የሚደረግ ጥናት ነው። አለርት ሆስፒታልና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች ይህን ቢይዙት ምንኛ ደስ ባለኝ።

ጥር 6፣ 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

እህትየዋ እንደገና ደወለች፤ አሁን ለራሷ ነው። ነፍሰ ጡር ናት፣ ስድስተኛ ወሯ ነው፤ እሷም በልጅነቷ ችፌ ነበረባት፣ ባሏ አስም አለበት። «ለማሙሽ አይሆንም ያሉኝ ለእኔ ይሆናል?» ትላለች።

ለማሙሽ የሰጠሁትን መልስ ለእሷ መድገም አልችልም። ጥያቄው ሌላ ነው። የዓለም የአለርጂ ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ልጃቸው ለአለርጂ የተጋለጠ ለሆኑ ነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ፕሮባዮቲክን ይጠቁማል፤ ጥቅሙ በዋናነት ችፌን መከላከል ነው። ግን እዚያው ማስረጃው እጅግ ደካማ እንደሆነ በግልጽ ጽፏል፤ የትኛው ዘር እንደሚሻልም አልወሰነም። ቱርኩን፣ ፍራይቡርግንና ኒውዚላንድን እንደተፈጸሙት ነገርኳት። ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ መውሰድ ከፈለገች አልከለክላትም፤ ከስሙ ቀጥሎ ያሉትን ፊደላት አይታ የተጠናውን ዘር ትምረጥ፣ ከቢሊዮኑ ብዛት ይልቅ ይህ ይበልጣል። ሕፃኑ ያለ ቀኑ ከተወለደ ግን ሐኪም ሳይፈቅድ ለሕፃኑ አንድ ጠብታ እንዳትሰጠው አጥብቄ ነገርኳት። ሕፃኑ ችፌ ቢይዘውም ከእርሷ የመጣ ጥፋት እንዳልሆነ ጨመርኩላት። ይህን ስትሰማ ለጥቂት ጊዜ አልተናገረችም።

ከሰዓት በኋላ ለአከፋፋዩ ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በግማሽ ኪሎ ማሰሮ። ትንንሹ ብቻ ነው ያለው አሉኝ፤ ትልቁን እስኪያመጡልኝ ድረስ በየሳምንቱ እንደምደውል ነገርኳቸው። አብራኝ ለምትሠራው ልጅም ለችፌ የሚመጣ እናት ሁሉ ምንም ከመሸጣችን በፊት አንድ ጥያቄ እንድትጠየቅ አልኳት፤ «ማለስለሻውን በሳምንት ምን ያህል ትጨርሻለሽ?» መልሱ ከ250 ግራም በታች ከሆነ ወሬውን ከዚያ እንጀምራለን፤ ስለ እንክብሉም ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።